የጄአር ፓስ ያዋጣል? ቶኪዮ፣ ኪዮቶና ኦሳካ በጠባብ በጀት

መንገደኛዋ፦
ሰላም ለቤቱ። እኔና ጓደኛዬ ለ10 ቀን ጃፓን ልንሄድ ነው። ናሪታ ወርደን መጀመሪያ ቶኪዮ፣ ከዚያ ኪዮቶና ኦሳካ፤ መመለሻችንም ከናሪታ ነው። ከአውሮፕላኑ ውጪ ለየራሳችን በቀን 9,000 የን አለን። የ7 ቀኑን የጄአር ፓስ (በጄአር ኩባንያ ባቡሮች በተደጋጋሚ የሚያሳፍር የቱሪስት ቲኬት) ግዙ የሚለን ሰው በዛ። ያዋጣል? ርካሽ ማደሪያና ምግብስ? ካርድ ይበቃል ወይስ ጥሬ ገንዘብ እንያዝ?

ሐዲዱ፦
አትግዙ። ግዙ የሚሏችሁ የድሮውን ዋጋ ይዘው ነው። ፓሱ ኦክቶበር 2023 ላይ ከ30,000 የን በታች ከነበረበት ወደ 50,000 ዘሏል፤ ከጠቅላላ በጀታችሁ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። መንገዳችሁን አስሉት፦ ከቶኪዮ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር በሺንካንሰን 14,000 ገደማ፣ ከኪዮቶ ኦሳካ በተራው ባቡር 600 ገደማ፣ ከኦሳካ ቶኪዮ ከ14,000 ትንሽ ከፍ ያለ። ድምሩ 30,000 አይሞላም። ሂሮሺማን ደርሶ መልስ ብትጨምሩ እንኳ ገና እኩል መምጣቱ ነው። በዚያ ላይ ከሺንካንሰኖቹ ፈጣኑን ኖዞሚ ለመሳፈር ፓስ የያዘም ተጨማሪ ይከፍላል።

ካልቸኮላችሁ በየጣቢያው የሚቆመውን ሺንካንሰን፣ ኮዳማን፣ በቅናሽ ቲኬት ያዙ፤ የቲኬቱ ስም ፑራቶ ኮዳማ ነው። ኪዮቶ ለመድረስ አራት ሰዓት ይጠጋል፣ ግን ጥቂት ሺህ የን ይተርፋችኋል። ቢያንስ በዋዜማው መገዛት አለበት፤ ባቡሩ ካመለጣችሁ በሌላ መሳፈር አይቻልም። የአውሮፕላን ቲኬታችሁ ገና ካልተቆረጠ ደግሞ መመለሻውን ኦሳካ አጠገብ ካለው ካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ አድርጉት፣ የአንድ መንገድ ሺንካንሰን ወጪ ሙሉ በሙሉ ይቀራል።

ሳንቲም_ቦርሳ፦
ስለ ገንዘቡ። ሁለቱንም ያዙ። ገንዘብ እየተሞላ የሚከፈልበትን ሱዊካ (የቶኪዮው) ወይም ኢኮካ (የኦሳካው) ካርድ አውጡ፤ የቶኪዮው ኦሳካም ይሠራል፣ ባቡር፣ አውቶቡስ፣ ኮንቢኒ (ትንሹ የሰፈር ሱቅ) ሁሉ ትከፍሉበታላችሁ። ካርዱን የሚሞሉት የጣቢያ ማሽኖች ግን አብዛኞቹ የሚቀበሉት ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው። አይፎን ያለው ሱዊካን ስልኩ ላይ ይጭናል፤ ከጃፓን ውጪ የተሸጡ አንድሮይድ ስልኮች ግን በአብዛኛው አይችሉም።

ጥሬ ገንዘብ ከሰቨን ኢለቨን ኤቲኤም አውጡ። ማሽኑ «በአገርዎ ገንዘብ ይቆረጥ ወይስ በየን?» ብሎ ከጠየቀ ሁልጊዜ የን በሉ፣ ሌላው ምንዛሪ ይጎዳችኋል። ራመን (የኑድል ሾርባ) ቤት በር ላይ ካሉት የቲኬት ማሽኖች አሮጌዎቹ 10,000 የን ኖት አይወስዱም፤ ጁላይ 2024 የወጡትን አዲስ ኖቶች የማይቀበሉም አሉ። አሮጌ ባለ 1,000 ኖትና ሳንቲም ከኪሳችሁ አይጥፋ።

ቶኪዮ ውስጥ ገንዘብ የሚያልቀው ኩባንያ በመቀያየር ነው። ከጄአር ወደ ቶኪዮ ሜትሮ ስትዛወሩ ሒሳቡ እንደ አዲስ ይጀምራል። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ፈጣኑን መንገድ ያሳያችኋል፤ ርካሹን አይደለም። አሥር ደቂቃ በእግር ተሂዶ በአንዱ ኩባንያ መስመር ብቻ የሚደረስበት ብዙ ቦታ አለ።

ማታ_ገበያ፦
ማደሪያ፦ ኦሳካ ላይ ሺን-ኢማሚያ፣ ቶኪዮ ላይ ሚናሚ-ሰንጁ። ሁለቱም የቀን ሠራተኞች ያድሩባቸው የነበሩ ሰፈሮች ናቸው፤ ክፍሉ ጠባብ፣ ሻወሩ የጋራ፣ ዋጋው ግን ዝቅተኛ። ሺን-ኢማሚያ ወደ ካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ ባቡር ሳይቀይሩ የሚሄዱበት ስለሆነ ለእኔ የበላይ ነው። የጃፓን ድረ ገጾች ዋጋ የሚጽፉት ብዙ ጊዜ በሰው እንጂ በክፍል አይደለም፤ ሁለት ስለሆናችሁ ይህን ሳታዩ አትክፈሉ። ቅዳሜ ሌሊት ይወደዳል፤ ቅዳሜን የምታድሩበትን ከተማ ቀድማችሁ ያዙ።

ምግብ፦ ሱፐርማርኬት ሲመሽ ያልተሸጠ ቤንቶ (በሣጥን የተዘጋጀ ምግብ) ላይ የቅናሽ ወረቀት ይለጥፋል፤ መጀመሪያ 20 በመቶ፣ ቀጥሎ 30፣ መዝጊያው ሲቃረብ ግማሽ። ሰዓቱ እንደ ሱቁ ይለያያል። ግማሹን ስትጠብቁ መደርደሪያው ባዶ ሊሆን ይችላል፣ 30 ላይ አንሱ። ቀን ላይ ዮሺኖያ፣ ማትሱያ፣ ሱኪያ በ500 የን ገደማ ሩዝ በሥጋ ያበላሉ። ዋጋ መለያው ላይ ሁለት ቁጥር ካለ የምትከፍሉት ትልቁን ነው፣ ግብሩ ያለበት እሱ ነው። ኢዛካያ (የጃፓን መጠጥ ቤት) ስትቀመጡ ሳታዝዙት የሚመጣ ትንሽ ሳህን አለ፤ ስጦታ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ በነፍስ ወከፍ 300 እስከ 500 የን ያስከፍላል። አሳማ ለማይበላ ቶንኮትሱ ራመን አይሆንም፤ መረቁ የአሳማ አጥንት ነው። «አትክልት ብቻ» የሚመስለው ሾርባም አብዛኛው የዓሣ መረቅ አለበት።

መንገደኛዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ፓሱን ትተነዋል። መመለሻውን በሌሊት አውቶቡስ ብናደርገውስ?

ሐዲዱ፦
ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከሆነ አዎ፤ 5,000 የን አካባቢ ይገኛል፣ የአንድ ሌሊት አልጋም ትቆጥባላችሁ። አርብና የበዓል ዋዜማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ቶኪዮ የምትደርሱት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ መሆኑ ነው፤ ሆቴል ክፍል የሚሰጠው ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ። ሻንጣውን ግን ቀድመው ይቀበሏችኋል፣ ለሎከር አትክፈሉ። ለመታጠብ ሴንቶ (የሕዝብ መታጠቢያ ቤት) አለ፣ ቶኪዮ ከኦገስት 2024 ጀምሮ 550 የን ነው፤ ግን አብዛኞቹ የሚከፍቱት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት የሚሠራውን አስቀድማችሁ ፈልጉ። ፎጣና ሳሙና ያዙ፣ ገንዳ ከመግባታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ታጠቡ፣ ፎጣው ውኃው ውስጥ አይግባ።