ዓይኑን ያላመነ ኳሱን ያሰምራል?

ስዊንግ ከአሌክሳንድሪያ፦
ጋሽ ፓተር ትናንት ማታ እዚሁ በድምፅ የላኩትን ሰማችሁት? «የጎልፍ ኳሱ ላይ መስመር አስምሮ የሚያነጣጥር ዓይኑን ያላመነ ሰው ነው፤ መከልከል አለበት» አሉ። ዝም ብዬ ላድር ነበር፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የጉድጓዱ ወርድ 108 ሚሊ ሜትር ነው። ከሦስት ሜትር ላይ የፓተሩ (ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የምናንከባልልበት ዱላ) ፊት አንድ ዲግሪ ብቻ ከዞረ ኳሱ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ሄዷል፤ ከመሐሉ እስከ ከንፈሩ ያለው ደግሞ 54 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ዲግሪን በባዶ ዓይኔ ለይቼ አያለሁ የሚል ካለ እጁን ያውጣ። እኔ አላይም፣ ስለዚህ አሰምራለሁ። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

ጋሽ ፓተር፦
ልጄ፣ እንቅልፍ የነሣህ እኔ ሳልሆን የቅዳሜው ዙር ነው። የኳሱን ቦታ የሚያመለክት ማርከር ታስቀምጣለህ፣ ኳሱን ታነሣለህ፣ ትጠርጋለህ፣ ትመልሳለህ፣ ከኋላው ቁጢጥ ትላለህ፣ ትነሣለህ፣ በአውራ ጣትህ ፀጉር ታህል ታዞረዋለህ፣ እንደገና ቁጢጥ። ኋላ ያሉት ልጆች ወንበር አምጡልን ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ከዚያ ሁሉ በኋላ አንድ ሜትር አሳጥረህ ትመታና «አቅጣጫው ልክ ነበር» ትለናለህ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ አይደል?

ሸገር ካዲ፦
«አቅጣጫው ልክ ነበር» የሚለውን ቲሸርት ላይ አሳትሙልኝ። ሁለት እገዛለሁ።

የዳላሷ፦
ጋሽ ፓተር፣ በአክብሮት ነው፤ እርስዎ ራስዎ ሁለት መነጽር ይዘው ነው የሚዞሩት። አንዱ ለሩቅ፣ አንዱ ለስኮር ካርድ። ታዲያ ዓይኑን ያላመነ ማን ነው?

ጋሽ ፓተር፦
መነጽሬን ሐኪም ነው ያዘዘልኝ። የእናንተን መስመር ማን አዘዘው? ሱቁ!

ሕግ በገጹ፦
ስሜቱን ለጊዜው ወደ ጎን እንተወው። ሕጉ ግልጽ ነው። ከ2019 በፊት በነበረው የውሳኔዎች መጽሐፍ «ኳሴ ላይ መስመር አስምሬ፣ ኳሱን ስመልስ መስመሩን ወደምመታበት ባዞርስ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «ይቻላል» ነበር። አሁንም ይቻላል። የማይቻለው ሌላ ነው፤ በሕግ 10.2 መሠረት አቅጣጫ እንዲያሳይህ መሬት ላይ ዱላ ወይም ሌላ ዕቃ ብታጋድም ሁለት ምት ትቀጣለህ። ኳሱ ግን የጨዋታው ራሱ ስለሆነ አይመለከተውም። እንዲያውም ሕግ 6.3 ተጫዋች ኳሱን እንዲለይበት ምልክት ያድርግበት ይላል።

ጋሽ ፓተር፦
መለያ ሌላ፣ ማነጣጠሪያ ሌላ። ነጥብ አድርግበት፣ የስምህን መጀመሪያ ጻፍበት፣ ማን ከለከለህ? ጠበንጃ ላይ እንዳለች ማነጣጠሪያ ግን አታድርገው። እኔ ሕጉ ምን እንደሚል ጠፍቶኝ አይደለም። ሕጉ ይቀየር ነው ያልኩት።

ቦጊ በቃኝ፦
ጋሽ ፓተር ልክ ናቸው። ስኮቲ ሼፍለርን እዩት። በ2024 መጋቢት ማሌት (ጭንቅላቱ ትልቅ የሆነ) ፓተር ያዘ፣ ኳሱ ላይ የነበረውን መስመር ተወ፣ የአርኖልድ ፓልመርን ውድድር በአምስት ምት ልዩነት ወሰደ። በሳምንቱ ፕሌየርስንም ደገመ። የዓለም ቁጥር አንዱ ያልፈለገው ለእኛ ምን ያደርግልናል?

የዳላሷ፦
ግማሹን ተረክህ ግማሹን ዋጥከው! ሼፍለር የኳሱን መስመር የተወው የያዘው ፓተር ራሱ አናቱ ላይ መስመር ስላለው ነው። መስመሩ ከኳሱ ወደ ፓተሩ ቤት ቀየረ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በፊት በብሌድ (በቀጭኑ ፓተር) ሲጫወትና ሲያሰምርስ ማስተርስን በ2022 አልወሰደም?

ቦጊ በቃኝ፦
ፓተር ላይ ያለ መስመር ኳሱን አንሡ አያሰኝም። ጊዜ አይበላም። ነገሩ እሱ ነው።

የዳላሷ፦
አሃ፣ እንግዲህ ክርክሩ ስለ ዓይን መሆኑ ቀርቶ ስለ ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ጋሽ ፓተር ግን ያሉት «ዓይኑን ያላመነ» ነው። «ሰዓቱን ያላከበረ» ቢሉ ኖሮ እኔም እፈርም ነበር።

ስዊንግ ከአሌክሳንድሪያ፦
ልክ ነሽ እቴ! ዓይን ዓይን እያሉ ሰድበውን አሁን ወደ ሰዓት አፈገፈጉ።

ጋሽ ፓተር፦
ማንም አላፈገፈገም። ሁለቱንም ብያለሁ፣ ሁለቱንም እደግማለሁ።

ሸገር ካዲ፦
እኔ አዲስ አበባ ካዲ (ዱላ ተሸካሚ) ሆኜ ሳድግ ግሪኑን (ጉድጓዱ ያለበትን አጭር ሣር) የሚያነበው ካዲው ነበር። «ጋሼ፣ የኳስ ስፋት ወደ ግራ» እንላለን፣ ይመታሉ፣ ይገባል ወይ አይገባም። ካልገባ ጥፋቱ የካዲው ነው፣ ከገባ ጎበዙ ጋሼ ናቸው። የትኛውም ደንበኛዬ በእስክሪብቶ አስምሮ አያውቅም። እዚህ አገር ስመጣ ሰዉ ካዲ የለውም፣ ጋሪ ነው የሚነዳው፤ የካዲውን ቦታ መስመሩ ወሰደው። ስለዚህ የምቃወመው በሙያ ቅናት ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሕግ በገጹ፦
ከ2019 ወዲህ ተጫዋቹ መቆሚያውን መያዝ ሲጀምር ካዲው ከኋላው በምቱ መስመር ላይ መቆም አይችልም። የሕጉ ሐሳብ ማነጣጠር የተጫዋቹ ሥራ ነው የሚል ነው።

ጋሽ ፓተር፦
እኮ! አንተው አመጣኸው። ነፍስ ያለው ካዲ ከኋላ ቆሞ «ትንሽ ወደ ቀኝ» እንዳይል ከተከለከለ፣ ሱቅ የሸጠው ቀለም ለምን ይፈቀድለታል?

ሕግ በገጹ፦
ኳሱን ያዞረው ተጫዋቹ ራሱ ስለሆነ። ቀለሙ አቅጣጫ አይመርጥም።

ስዊንግ ከአሌክሳንድሪያ፦
ይህን ለጋሽ ፓተር በትልቅ ፊደል ጻፍላቸው፣ የሩቁን መነጽር አድርገው እንዲያነቡት።

ጋሽ ፓተር፦
ባለጌ።

ገና ጀማሪ፦
ይቅርታ፣ የመጀመሪያው ምት የሚመታበት ቲ ላይስ? እኔ በረጅሙ ዱላ፣ በድራይቨር ስመታም መስመሩን ወደ ፌርዌይ፣ ወደ መሐል ሜዳው አዞራለሁ። እቀጣለሁ?

ሕግ በገጹ፦
አትቀጣም። ቲ ላይ ኳሱ እስኪመታ ጨዋታ ውስጥ አልገባም፣ እንደፈለግህ አዙረው። ግሪን ላይ ግን ቦታውን ምልክት ሳታደርግ በጣትህ ብታሽከረክረው አንድ ምት ነው፣ ከቦታው ባይነቃነቅም እንኳ። ቅዳሜ ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ያንን ያደረገ ሰው ነበር፤ ስም አልጠራም።

ቦጊ በቃኝ፦
ጥራ።

ሕግ በገጹ፦
አልጠራም አልኩ። ለማንኛውም ኳስ ማንሣትና መመለስ ቀልድ አይደለም። በ2017 ኤኤንኤ ኢንስፒሬሽን በተባለው የሴቶች ውድድር ላይ ሌክሲ ቶምፕሰን ቅዳሜ አጭር ፓት ልትመታ ኳሷን አንሥታ ስትመልስ ቦታውን በትንሹ ስታለች ተባለ። ቴሌቪዥን ሲያይ የነበረ ሰው በኢሜይል ጠቆመ፤ እሑድ እየመራች ሳለ አራት ምት ተቆለለባት፦ ሁለቱ ለቦታው፣ ሁለቱ ለተሳሳተ ስኮር ካርድ። በመለያ ዙር በዩ ሶ-ዮን ተሸነፈች።

ቦጊ በቃኝ፦
ይኸው! በነካካሽው ቁጥር ትሳሳቻለሽ። ሳያነሡ መምታት ነው።

የዳላሷ፦
የሌክሲን ስም አታንሣ! ያ ግፍ ነው። በዚያው ወር እኮ ደንብ አውጪዎቹ ቪዲዮ እንዲህ እየተፈተሸ ሰው እንዳይቀጣ የሚገድብ አዲስ ውሳኔ አወጡ። ደግሞ የተቀጣችው ቦታ በመሳት ነው፣ መስመር በማሰመር አይደለም። አጥቂዋ ያ ቤቱ ተቀምጦ ሪሞት የያዘው ሰውዬ ነው።

ሸገር ካዲ፦
እኛ ሰፈር እንዲህ ያለውን ሰው ምን እንደምንለው ብጽፍ ከግሩፑ ታስወጡኛላችሁ።

ስዊንግ ከአሌክሳንድሪያ፦
ወደ ነገሩ እንመለስ። ኳስ ሠሪው ካላዌይ በ2019 ባለ ሦስት መስመሩን ኳስ ያወጣው ዝም ብሎ አይደለም። ዓይናችን ሁለት መስመር ገጥሟል ወይስ አልገጠመም የሚለውን በጣም ጥቃቅን ልዩነት ይለያል፤ የባሕር ኃይል አብራሪዎች መርከብ ላይ ሲያርፉ የሚጠቀሙበት ችሎታ ነው ብለው ነው ያስተዋወቁት።

ጋሽ ፓተር፦
መርከብ ላይ! አንተ እኮ የምታርፈው አሸዋ ውስጥ ነው።

ቦጊ በቃኝ፦
ለማያውቅሽ ታጠኚ በለው ጋሼ!

የዳላሷ፦
ሳቁ ሳቁ። ግን ከእናንተ አንዱም እውነተኛውን መቃወሚያ አላነሣም፣ እኔ ልንገራችሁ። ከኋላ ቁጢጥ ብለህ ያስተካከልከው መስመር ቆመህ ከላይ ስታየው ጠምሞ ይታያል። ዓይንህ በትክክል ከኳሱ በላይ ካልሆነ ያሳስትሃል። ያኔ ወይ መስመሩን ታምናለህ ወይ እንደገና ታዞራለህ፤ ብዙው ሰው ሦስተኛውን ይመርጣል፣ ሳያምን ይመታል። ደግሞ ግሪኑ ካዘነበለ መስመሩ ወደ ጉድጓዱ ሳይሆን ኳሱ ወደሚጀምርበት ነው መዞር ያለበት፤ ያንን ማንበብ ካልቻልክ ቀለሙ የሚያሳይህ ስህተትህን ነው። ከአሥራ ሁለት ሜትር ደግሞ ጣጣው ፍጥነት ነው፣ እዚያ ማሰመር ጊዜ ማባከን ነው። እኔ ከሁለት ሜትር በታች ብቻ ነው የምጠቀምበት።

ጋሽ ፓተር፦
ስለዚህ ትስማሚያለሽ።

የዳላሷ፦
ኧረ በጭራሽ! እኔ «መቼ» አልኩ፣ እርስዎ «ይከልከል» አሉ።

ሕግ በገጹ፦
በሕጉ ላይ አንድ ምት በ40 ሰከንድ ውስጥ እንዲመታ የሚል ምክር አለ። ያንን ብናስከብር ማን ምን እንዳሰመረ አያገባንም።

ቦጊ በቃኝ፦
ጎልፈኛው ሉካስ ግሎቨርም በ2025 መጀመሪያ ላይ ኤይምፖይንት የሚሉት የግሪን አነባበብ ይታገድ ያለው ለዚሁ ነው። ጣት እያነሡ፣ በእግር ተዳፋት እየመዘኑ መንቀራፈፍ! መስመሩ የእሱ ታናሽ ወንድም ነው።

ስዊንግ ከአሌክሳንድሪያ፦
ደግሞ ኤይምፖይንት? ኤይምፖይንት እኮ ግሪን ማንበቢያ ነው፣ መስመሩ ግን ማነጣጠሪያ ነው። ሁለቱን የሚቀላቅል ሰው አንዱንም አይሠራበትም።

ቦጊ በቃኝ፦
ሁለቱንም ከአንድ ዶላር ኳስ ጋር ስትሠራ ስላየሁህ ነው ወንድሜ።

ጋሽ ፓተር፦
ለቅዳሜ ድልድል ስታወጡ እኔን ከስዊንግ ጋር እንዳትመድቡኝ። ጨርሻለሁ።

ስዊንግ ከአሌክሳንድሪያ፦
እኔም ደስ ይለኛል። ቲ ላይ ስድስት የልምምድ ስዊንግ የሚያደርግ ሰው ስለ ሰዓት ሲያስተምረኝ አልውልም።

ጋሽ ፓተር፦
ስድስት አይደለም። አራት ነው።