ዝግጁ አድቬንቸር ልግዛ ወይስ ራሴ ልጻፍ?

ጀማሪ_ዲኤም፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአክስቴ ልጆች ዲ ኤንድ ዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ ዳይስ እየጣሉ አብረው ታሪክ የሚጫወቱበት) ካልተጫወትን ብለው ይዘውኛል፤ ሌላ ፈቃደኛ ስለጠፋ ዲኤምነቱ፣ ማለትም ታሪኩን መምራቱ፣ እኔ ላይ ወደቀ። የጀመርኩት ታሪክ አለ፦ ሐይቅ መሃል ያለ ደሴት፣ ገዳም፣ ከዕቃ ቤቱ የጠፋ ዘውድ። ሁለት ገጽ ጽፌ ግን ቆምኩ። ልግፋበት ወይስ የታተመ አድቬንቸር (ታሪኩ ተጽፎ ያለቀ የጨዋታ መጽሐፍ) ገዝቼ ልገላገል? ከሥራ የምገባው ደክሞኝ ነው።

ባለሃያው_ዳይስ፦
የታተመ ከዝግጅት ይገላግላል ያለህ ሰው አንብቦት አያውቅም። ከርስ ኦቭ ስትራድ የሚባለው አድቬንቸር ከ250 ገጽ በላይ ነው፤ እሱን በሥራ ማግስት አንብበህ ልትመራ? ተወው።

እኔ ብሆን በ2014 በጀማሪዎች ሳጥን የወጣውን ሎስት ማይን ኦቭ ፋንዴልቨርን እይዛለሁ። 64 ገጽ ነው፣ ተጫዋቾቹን ከሌቭል (የኃይል ደረጃ) 1 እስከ 5 ያደርሳል፣ አምስት የተዘጋጁ ካራክተሮችም (ተጫዋቾቹ የሚሆኗቸው ገጸ ባሕርያት) አብረውት አሉ። ገና ከመነሻው መንገዱን የዘጉ ሁለት የሞቱ ፈረሶች፣ ጫካው ውስጥ ደግሞ ያደፈጡ አራት ጎብሊኖች (ትናንሽ ክፉ ፍጡራን)። ተጫዋቾቹ ቢሸነፉስ? መጽሐፉ መልስ አለው፤ ጎብሊኖቹ አይገድሏቸውም፣ ራሳቸውን እንደሳቱ ዘርፈዋቸው ይሄዳሉ። ለራሱ የሚጽፍ ጀማሪ ይቺን አያስባትም፤ ልጆቹ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ያልቁበትና ማታው እዚያው ያበቃል። ገንዘብህን የምታወጣው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ደሴትህን ግን እንዳትጥላት! ሦስተኛው ክፍል ላይ ተጫዋቾቹ ወደፈለጉበት ይዞራሉ፤ እዚያ ያሉት ቦታዎች እርስ በርስ ብዙም አልተሳሰሩም። ከእነሱ አንዱን፣ የኦልድ ኦውል ዌልን ፍርስራሽ አውጣና ገዳምህን አስገባ። ተጫዋቾቹ የሚፈልጉት የጎብሊኖቹ ምሽግ፣ ክራግሞው ካስል፣ የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ መነኩሴ እዚያ አስቀምጥ፣ ዘውዱን ካላመጣችሁልኝ አልናገርም ይበላቸው። በቃ፣ ዋናው ታሪክ ይቀጥላል።

የሽፍታ_ልጅ፦
ባለሃያው ያለው ልክ ነው፣ ግን ጎብሊኑንስ ለምን እንዳለ ትተወዋለህ? ሽፍታ በለው። መከላከያው ያው 15፣ የሕይወት ነጥቡ ያው 7። የሚቀየረው አነጋገሩና የሚዘርፈው ዕቃ ብቻ ነው። የእኔዎቹ አንዱን ማርከው ስንቅ ተሸካሚ አድርገውታል፣ እስካሁን አብሯቸው ይዞራል።

ጀማሪ_ዲኤም፦
መነኩሴውን ወስጃለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ችግር ግን አለ፤ ትልቁ የአክስቴ ልጅ ኮሌጅ እያለ ይህንኑ ተጫውቶታል።

ባለሃያው_ዳይስ፦
እንግዲያ በታሪኩ መጀመሪያ ጎብሊኖቹ ዋሻ ውስጥ ታስሮ የሚገኘውን ሲልዳር የሚባል ሰው እሱ ይጫወት። ሲልዳር ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ስለሚያውቅ፣ የልጁ ቀድሞ ማወቅ ጨዋታውን አያበላሽም። እስኪፈታ ድረስ ሥራ እንዳይፈታ ጎብሊኖቹን ስጠው፤ ዘመዶቹን መደብደብ አይጠላም።