ደወል የሌለው፣ አስተማሪ በስሙ የሚጠራበት ሃይስኩል... ልጄን ላስገባት ወይስ ይቅርብኝ?

የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ልጅ ያሳደጋችሁ እስቲ ምከሩኝ። ትልቋ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ልትጨርስ ነው። ሰፈራችን ያለው ሃይስኩል በጣም ትልቅ ነው፣ እኔም እዚያ ትገባለች ብዬ ጉዳዩን ዘግቼው ነበር። እሷ ግን የጓደኛዋ እህት የተማረችበት "አማራጭ" የሚባል የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ፣ ክፍያ የለውም፣ በዕጣ ነው የሚገባው፣ ካላመለከትሽልኝ ብላ ቤቱን አስጨንቃዋለች።

የነገረችኝን ልንገራችሁ። ደወል የለም። ትርፍ ሰዓት ሲኖራቸው ግቢውን ለቀው ይወጣሉ። አስተማሪውን ሚስተር ምናምን ሳይሉ በስሙ ነው የሚጠሩት። ባለቤቴ ሰምቶ ሲያበቃ "ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ካፌ?" አለ።

እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። "አማራጭ" ማለት ከሌላ ቦታ የተባረሩ ልጆች የሚላኩበት አይደለም እንዴ? ኮሌጅስ እንዴት ያየዋል?

የማታ ሾፌር

እህቴ፣ ስሙ ነው ያሳሳተሽ። አንድ ስም ለሁለት ነገር ነው የሚጠሩበት። አንደኛው ክሬዲት (ለመመረቅ የሚቆጠር የትምህርት ነጥብ) የጎደለው ወይም ችግር የገጠመው ልጅ ተልኮ የሚገባበት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮንቲኑዌሽን ስኩል የሚሉት ከዚህ ወገን ነው፣ ከ16 ዓመት ጀምሮ ያሉ ወደኋላ የቀሩ ልጆች እንዲመረቁ የሚረዳ። እሱም ነውር የለበትም፣ ስንቱን አውጥቷል።

ልጅሽ የምትለው ግን ሁለተኛው ነው። ወላጅና ልጅ ፈልገው የሚያመለክቱበት። ይሄ የመጣው በ60ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ መጀመሪያ ነው (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። ፊላደልፊያ በ1969 ፓርክዌይ ፕሮግራም የሚባል ጀመረች፣ የራሱ የትምህርት ቤት ሕንፃ አልነበረውም፣ ልጆቹ ሙዚየምና መሥሪያ ቤት እየዞሩ ነበር የሚማሩት። ከዚያ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ "ስኩል ዊዝአውት ዎልስ" በ1971 ተከፈተ፣ ኒውዮርክ ውስጥ "ሲቲ አዝ ስኩል" በ1972፣ ሚሺጋን አን አርበር ከተማ ውስጥ "ኮምዩኒቲ ሃይ" በዚያው በ1972። የዲሲው ዛሬ ውጤት ታይቶ በውድድር ነው የሚገባው። ስለዚህ "የተባረረ ልጅ" የሚለውን ከጭንቅላትሽ አውጪው።

ደውለሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ ተማሪው መርጦ ነው የሚመጣው ወይስ ተልኮ? መልሱ ሁሉን ይነግርሻል።

አባ ብስክሌት

የኔ ወንዱ ልጅ ከእንዲህ ዓይነቱ ነው የተመረቀ። እኔም መጀመሪያ እንደ ባለቤትሽ ነበርኩ። ደወሉን፣ ስሙን፣ መውጣት መግባቱን እርሱት፣ ያ ላይ ላዩን ነው። ነገሩ ያለው አድቫይዘሪ የሚሉት ላይ ነው፣ የአን አርበሩ ኮምዩኒቲ ሃይ ፎረም ይለዋል። ሃያ ምናምን ልጆች፣ ከዘጠነኛ እስከ 12ኛ ተደባልቀው፣ አንድ አስተማሪ ይይዛቸዋል። አራቱንም ዓመት ያው አስተማሪ ነው። እኛ ስንሄድ ክፍሉ ውስጥ መሃሉ የሰመጠ አሮጌ ሶፋ አለ፣ ግማሹ ልጅ መሬት ተቀምጧል፣ አንዱ ኬክ እየቆረሰ ያድላል። አስተማሪው የት እንዳለ ለማወቅ ጊዜ ወስዶብኛል፣ እሱም መሬት ነበር!

ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ባዮሎጂ መግባት ተወ። ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፣ ያው አስተማሪ ነው። "ልጅህ አልመጣም፣ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?" አለኝ። እኔ እቤት ሆኜ አላውቅም፣ እሱ ያውቃል። ትልቁ ሃይስኩል ቢሆን ኮምፒዩተር የሚልከው የተቀዳ ድምፅ ነበር የሚደርሰኝ።

በስም መጥራቱን በተመለከተ ሳስበው ሳቄ ይመጣል። እኛስ ቲቸር ከበደ ስንል በምን ስሙ ነበር የምንጠራው? በገዛ ስሙ እኮ ነው! የአባት ስም ጠርተን አናውቅም። የሚከብደን "ቲቸር" የምትለዋ መቅረቷ ነች። እንግሊዝኛ ደግሞ አንተና እርስዎ ስለሌለው ሚስተር ከወጣ ምንም የሚደገፉበት አይቀርም። ልጄ ግን ያን ሰውዬ እንደሚያከብረው ማንንም አያከብርም፣ እኔን ጨምሮ።

ሌላው፣ ከትምህርት ቤት ውጭ ሰው ጋር ተምረው ክሬዲት ያገኛሉ። የኔው ብስክሌት የሚጠግን ሰው ዘንድ አንድ ሴሚስተር ከረመ። ሰዓቱን እየመዘገበ፣ የተማረውን እየጻፈ፣ አስተማሪ እየፈረመበት። ጎማ መቀየር ብቻ መስሎኝ ነበር፣ በኋላ ቁጭ ብሎ ስለ ማርሽ ጥርስና ሬሾ ሲያስረዳኝ ሒሳብ መሆኑ ገባኝ።

ስሜን_ተዉት

ሁሉም ሲያወድስ እኔ ላደፍርሰው። እኔ ራሴ ተምሬበታለሁ፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር። አስተማሪዎቹ ደግ ነበሩ፣ ችግሩም እሱ ነበር። እኔ ካልተገፋሁ የማልነቃ ልጅ ነኝ። ሒሳብ ከብዶኝ "ሲመችሽ ትወስጂዋለሽ" ተባልኩ፣ ሳይመቸኝ 12ኛ ክፍል ደረስኩ። በመጨረሻው ዓመት ሁለት ዓመት ሒሳብ በአንድ ላይ ስውጥ ከረምኩ።

ደግሞ እኛ ጋ ከኤ እና ቢ ይልቅ አስተማሪው ስለ ልጁ ሁለት ገጽ ይጽፋል። እናቴ እንግሊዝኛ ብዙም አታነብም። "ስንት አመጣሽ?" ስትለኝ "ጥሩ ነው ይላል" እላታለሁ። ጥሩ ነው ይላላ፣ እሷ የት አባቷ ታውቃለች። ወረቀቱ እውነቱን ጽፎት ነበር እኮ፣ የሚያነበው ሰው ነው የጠፋው።

ስለዚህ የምትሄጂበት ቀን የአንድ ተማሪ ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የውጤት ወረቀት (ስሙን ሸፍነው) አሳዩኝ በያቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም፣ በተራ ማርክ የሚሠሩም አሉ። እዚያው ላይ ደግሞ ለመመረቅ ምን እንደሚጠይቁ እይ። ኮሎራዶ ያለው ጄፈርሰን ካውንቲ ኦፕን ስኩል ውስጥ ልጁ ስድስት ፓሴጅ የሚሉት ሥራ አቅዶ ይጨርሳል፣ አንዱ አድቬንቸር ነው፣ አንዱ ሙያ፣ አንዱ ፈጠራ፣ እንዲህ እያለ። የኒውዮርኩ "ሲቲ አዝ ስኩል"ና መሰሎቹ ደግሞ ከእንግሊዝኛው በቀር ሪጀንትስ የሚባለውን የግዛቱን ፈተና በትልልቅ ጽሑፍና ፕሮጀክት ተክተውታል፣ ልጁ ሥራውን ሰው ፊት ቆሞ ይከላከላል። ይሄ ቀላል የሚመስለው ካለ ቆሞ ይሞክረው። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለና "ልጁ ነፃ ነው" ብቻ ካሉሽ፣ ሩጪ።

ጠይም_ቡና

ኳስ ትጫወታለች? ቀድመሽ ጠይቂ። ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ የራሳቸው ቡድን የላቸውም። የኮምዩኒቲ ሃይ ልጆች አብዛኛውን ስፖርት ለከተማው ትልልቅ ሃይስኩሎች ነው የሚጫወቱት። ያም ሆኖ የራሳቸው ማስኮት (የትምህርት ቤቱ አርማ የሆነ እንስሳ) አላቸው፣ ቀስተ ደመና ቀለም ያለው የሜዳ አህያ። በሌላው ቤት ነብርና ንስር ሲያገሳ እነሱ የሜዳ አህያ 😂 ቁም ነገር አድርጎ ራሱን ከማይቆልል ቤት ነው የሚመጣው፣ እኔ ወድጄዋለሁ።

ደግሞ ካፌ ነው ወይ ላለው ባልሽ ንገሪው፦ ዕጣ ከመምጣቱ በፊት ኮምዩኒቲ ሃይ ለመመዝገብ ወላጅ ውጭ እያደረ ለቀናት ይሰለፍ ነበር።

የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ስሜን_ተዉት፣ ያንቺው ነው ሌሊቱን ያስቆጠረኝ። የኔዋ ከመጠን በላይ የምትነቃ ናት፣ ትንሹ ወንድሟ ቢሆን ግን አላስገባውም ነበር።

ኦፕን ሀውስ፣ ትምህርት ቤቱ ለጎብኚ የሚከፈትበት ቀን፣ ሄድን። ትራንስክሪፕት ጠየቅሁ፣ አሳዩኝ፣ በማርክ ነው። ያስጎበኘችን የ11ኛ ክፍል ልጅ ነች፣ ልጄ ስለ ክለብ ስትጠይቃት "የለም፣ ከፈለግሽ አንቺ ትጀምሪዋለሽ፣ ስድስት ሰው ፈልጊ" አለቻት። ልጄ መኪና ውስጥ ስም ዝርዝር መጻፍ ጀመረች።

ባለቤቴ አንዱን አድቫይዘር ያዘውና "ልጅ ቢቀርስ ማን ያውቃል?" አለው። ሰውዬው "እኔ ነኝ የምደውለው" ብሎ ስልክ ቁጥሩን ሰጠው። ባለቤቴ እዚያው ፊቱ ደውሎ መሥራቱን አረጋገጠ፣ እኔ አፈርኩ። ከዚያ ሰውዬው እንዲህ ብለህ መዝግበኝ ብሎ ስሙን ብቻውን ነገረው። ማታ የባለቤቴን ስልክ ሳየው "ሚስተር" ጨምሮበታል።

ማመልከቻውን ሞላን። ዕጣው ገና ነው።