የግሪን ሃውስ ላስቲኬ በ16 ወሩ ተሰነጣጠቀ፤ ነጋዴው ሸውዶኝ ነው?

መቂ_ቲማቲም፦
ሰላም ለዚህ ቤት ቤተሰቦች። መቂ ቲማቲም አለማለሁ። አምና ጥቅምት ላይ ውፍረቱ 200 ማይክሮን የሆነ ላስቲክ ገዝቼ ግሪን ሃውሴን አለበስኩ። ሻጩ ሦስት ዓመት ይቆያል ብሎኝ ነበር። ይኸው በ16 ወሩ ጣሪያው አለቀ። ባለፈው ሳምንት ነፋስ ሲመጣ እየተንኮሻኮሸ ተተረተረ። የተቀደደውን ሳጥፈው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። መጀመሪያ የሄደው ጣሪያውን በተሸከመው በየቀስቱ ብረት ላይ ነው።

ግራ የገባኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያው ጥቅል የተረፈውን እናቴ የዶሮ ቤቷን ሸፍናበታለች። እሱም 16 ወር ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው። ዛሬም ስስበው ይለጠጣል። ጥቁሩ የጠብታ መስኖ ቱቦም ምንም አልሆነም። ሚልዲው ለሚባለው የቅጠል በሽታ በየሳምንቱ ሰልፈር (ድኝ) እረጫለሁ። ከዚያ ውጪ የተለየ ነገር አላደርግም። ምን ትሉኛላችሁ? ገንዘቡ ቀላል አይደለም።

አዳማ_07፦
ነጋዴው ነው። አሮጌ ላስቲክ አቅልጠው አዲስ ብለው የሚሸጡ አሉ። ደረሰኝህን ይዘህ ሂድ።

የሆለታዋ፦
ወንድሜ፣ ከነጋዴው ጋር ከመጣላትህ በፊት የእናትህን ዶሮ ቤት ደግመህ እይ። ያው ጥቅል፣ ያው ፀሐይ፣ ያው 16 ወር ነው። ላስቲኩ ከመነሻው የማይረባ ቢሆን እዚያም ይሰነጠቅ ነበር። ዶሮ ቤቱ ውስጥ የሌሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሰልፈርና የጋለ ብረት።

ሆለታ አበባ እርሻ ስፕሬይ ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ጽጌረዳውን ከሚልዲው ለማዳን ማታ ማታ ሰልፈር እናተን ነበር። ጠዋት የላስቲኩን ውስጠኛ ገጽ በጣቴ ስዳስሰው ቢጫ ብናኝ ይዞ ይመጣል። ሽታው ልብሴ ላይ ሆኖ ቤቴ ድረስ ይገባል። ሰልፈር የበዛባቸው ቤቶች ላስቲካቸው ከሌሎቹ ቀድሞ ሲደርቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው ሁሉ ግን ፀሐይን ብቻ ነው የሚወቅሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላስቲኩ ፖሊኢቲሊን ነው፤ በጣም ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለት በለው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ደካማ ቦታ ፈልጎ ይመታዋል፣ ኦክስጅን ይገባበታል፣ ሰንሰለቱ እየተበጠሰ ያጥራል። ሰንሰለቱ ሲያጥር ላስቲኩ መለጠጥ ትቶ መሰበር ይጀምራል። ፋብሪካው ይህን ለመከላከል ሃልስ የሚባል፣ የአሚን ዘር የሆነ ኬሚካል ይጨምርበታል። የሃልስ ትልቁ ጥቅም አንዴ ሠርቶ አለማለቁ ነው፤ ራሱን እያደሰ ደጋግሞ ይከላከላል። ጠላቱ አሲድ ነው። ከሰልፈር የሚመጣው አሲድ አሚኑን ይይዝና ወደ ጨውነት ይለውጠዋል። ያኔ ላስቲክህ ጠባቂ የለውም። ክሎሪን ያለባቸው መድኃኒቶችም እንደዚሁ ይጎዱታል።

ቀስቱን ተከትሎ የተሰነጠቀው ደግሞ የብረቱ ግለት ነው። እኩለ ቀን ላይ ብረቱን በእጅህ ያዘው፤ ቶሎ ትለቀዋለህ። ላስቲኩ ግን ቀኑን ሙሉ ተለጥፎበት ይውላል።

ቱቦህን ያዳነው ጥቁርነቱ ነው። ካርቦን ብላክ፣ ማለትም እንደ ጥላሸት ያለ ነገር፣ 2 ከመቶ ገደማ ይገባበታል፤ ጨረሩን እሱ ይውጥለታል። ጣሪያህ ላይ ይህ አይሆንም፤ ቲማቲሙ ብርሃን ይፈልጋል።

አንድ ነገር ሞክርልኝ። ከብረት የራቀውን፣ በሁለት ቀስቶች መሃል ያለውን ቆርጠህ ሳበው። እሱ ከተለጠጠ ችግርህ ብረቱ ነው። እሱም ከተሰበረ ሰልፈሩን ተጠራጠር።

መቂ_ቲማቲም፦
እታለም፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሞክሬ መጣሁ። የመሃሉም ተሰበረ! በጣቴ ስነካው ውስጡ ቢጫ ነው። ለነጋዴው ክፉ ቃል ተናግሬ ነበር፤ ነገ ደውዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። አዲሱን ሳለብስ ምን ላድርግ?

የሆለታዋ፦
ጎሽ፣ ደውልለት። መጀመሪያ ላስቲኩ የሚያርፍበትን የብረት ጀርባ በነጭ ውሃ ቀለም ቀባው፤ በደንብ ሳይደርቅ አታልብስ። ሰልፈሩን በየሳምንቱ በልማድ አትርጭ። ቅጠሉን ገልብጠህ እያየህ፣ ከግብርና ባለሙያ ጋር ተማክረህ ከሌላ መድኃኒት ጋር አፈራርቀው። ስትረጭም ወደ ላስቲኩ አታቅና፤ ቅጠሉን ብቻ ፈልግ። ስትገዛ ደግሞ ዋስትናው ላይ እስከ ስንት ፒፒኤም (ከሚሊዮን ስንት እጅ) ሰልፈር ይችላል የሚለውን ጠይቅ። "ሦስት ዓመት" ሲሉህም የየት አገር ፀሐይ ነው በል። በየ1000 ሜትሩ ከፍ ስንል አልትራቫዮሌቱ በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፤ መቂ ደግሞ ከ1600 ሜትር በላይ ናት።

ከቤር_ሼቫ፦
የሆለታዋ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ እስራኤል አገር አረባ በረሃ የበርበሬ ግሪን ሃውስ ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ልጨምር፤ በደንብ ወጥረው። ላላ ብሎ ነፋስ ካራገበው አዲሱም ቢሆን ብረቱ ላይ እየተፋተገ ይቀደዳል። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ አልብሰው።

መቂ_ቲማቲም፦
እሺ። የአሮጌውስ ነገር? ጎረቤቴ አቃጥለው አለኝ።

የሆለታዋ፦
እንዳታቃጥለው፤ ጭሱ ለአንተም ለልጆችም ጉዳት ነው። ማሳ ላይም አትተወው። እንዲህ የደረቀ ላስቲክ በእግር ሲረገጥ ይደቅቃል፣ ከአፈሩ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ የሚለቅመው የለም። ሳይፈረፈር ቀስ ብለህ አውርደህ ጠቅልለው፣ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ክተተው፣ ቆራሌው ሲመጣ ጠይቀው። የእናትህን የዶሮ ቤት ግን አትንካው፤ ገና ይሠራል።