የፌስታል ምትክ፦ ሰኞ ወረዳ የሚገባው ረቂቅ

ጸሐፊ፦ በፌስታል ምትክ የጨርቅ ከረጢት ለመስፋት ማኅበራችን ወረዳን የሚጠይቅበት ረቂቅ ተለጥፏል። 3 የስፌት መኪና፣ አቡጀዲ፣ የ6 ወር የቤት ኪራይ። እስከ ዓርብ ሐሳብ ስጡ። በ2017 የወጣው አዋጅ ፌስታል ይዞ የተገኘውን ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል።

ሽንኩርት ተራ፦ በ1999ም አዋጅ 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳውን ከልክሎ ነበር። ስንት ዓመት ሸጥንበት? የአሁኑ ግን ደንበኛውንም ይነካል።

እንጀራ ሻጭ፦ እኔስ? ትኩስ እንጀራ አቡጀዲ ውስጥ ሲገባ ላቡን ጨርቁ ይጠጣዋል፤ ማታ ሲከፈት ጠርዙ ደርቆ ይሰነጠቃል። ደንበኛዬ ከሥራ ወጥቶ ባዶ እጁን ነው የሚመጣው፤ መያዣ ከሌለኝ ትቶኝ ይሄዳል።

ሸቀጥ ሱቅ፦ ሌላው ደህና ነው። «የጉሊት ነጋዴዎች ማኅበር» የሚል ግን ከረጢቱ ላይ አይታተምም። እኔ ንግድ ፈቃድ አውጥቼ ግብር የምከፍል ሰው ነኝ።

ቃሪያና ድንች፦ ጉሊት ስድብ ሆነ? ይህን ማኅበር ማን መሠረተው? ጆንያ ዘርግተን መሬት ላይ የተቀመጥን እናቶች ነን!

ሸቀጥ ሱቅ፦ ስድብ ነው አላልኩም። «ነጋዴዎች» ብቻ ይበል።

ገንዘብ ያዥ፦ ጨርሶ ጽሑፍ ባይኖረውስ?

ቃሪያና ድንች፦ ስማችን ከወጣ እኔም ወጣሁ። የመዋጮዬን 500 ብር መልሱልኝ።

ሽንኩርት ተራ፦ እትዬ ልክ ናቸው። ሱቁ ሲከፈት ማን ዕቁብ እንዳስቀደመለት ረሳው?

ሸቀጥ ሱቅ፦ ዕቁቡን እዚህ ምን አመጣው?!

ሰብሳቢ፦ ኧረ በእናታችሁ። ለፋሲካ ያረድኩት በግ ሆዱ ሲቀደድ ፌስታል እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ ወጣ። አንዱ ቋጠሮው እንኳ አልተፈታም፣ ውስጡ የሽንኩርት ልጣጭ ነበረ። ከእኛው ገበያ የወጣ ነው።

ቆራሌው፦ ሃይላንድ በኪሎ ገዥ አለው፣ ምናለሽ ተራ አድርሼ እሸጠዋለሁ። ለፌስታል ግን ማንም አይጎነበስም፣ ሚዛን አያነሳም። ለዚህ ነው ቦዩ ውስጥ የሚቀረው። ክረምት ቱቦው ሲደፈን ውሃው የሚወጣው እትዬ ጆንያ ላይ ነው።

ቃሪያና ድንች፦ እውነቱን ነው። አምና ድንቹ ሁሉ በሰበሰ።

ሸቀጥ ሱቅ፦ እትዬ፣ ይቅርታ። በትንሹ ከታች ይጻፍ።

ቃሪያና ድንች፦ ለምን በትንሹ?

ጸሐፊ፦ ናሙና ሰፍቼ ረቡዕ አመጣለሁ ያልሽው እህት የት ደረስሽ?

ሽንኩርት ተራ፦ ስልኳ አይነሳም።

ገንዘብ ያዥ፦ ወረዳ ጠይቄ ነበር። ለስፌት መኪና በጀት የለም፣ ሼድ ብትጠይቁ ግን ይታያል ተባልኩ።

ቃሪያና ድንች፦ ሼድ ከሆነ ዝናቡም ይቀርልናል። በሩ ላይ ሙሉ ስማችን ይጻፍ።

ሸቀጥ ሱቅ፦ በር ላይ ከሆነ አልቃወምም።

ጸሐፊ፦ አሻሽያለሁ። 1 የቆርቆሮ ሼድ፣ በሩ የሚቆለፍ፣ ስም በትልቁ። የስፌት መኪናው 1 ሆኖ «በቀጣይ» የሚለው ሥር ገብቷል። ፊርማ ቅዳሜ።

እንጀራ ሻጭ፦ እሺ፣ ቅዳሜ እንጀራውን በምን ልጠቅልል?