ከአዲስ አበባ ወጥተን ቡታጅራ ዙሪያ መኖር አስበናል፤ ከመክፈላችን በፊት ምን እናጣራ?

አዲስ ጎጆ
ሰላም ለሁላችሁም። እኔና ባለቤቴ የ4 እና የ7 ዓመት ልጆች አሉን። የቤት ኪራዩ፣ የታክሲ ሰልፉና ሁካታው ከአቅማችን በላይ ሆኗል። እሷ ሥራዋን በኢንተርኔት ነው የምትሠራው፤ እኔ ደግሞ ወደ እርሻ መግባት እፈልጋለሁ፣ አቮካዶ ወይም በርበሬ። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ሩብ ሄክታር የሚሸጥ የእርሻ መሬት እንዳለ ደላላ ጠቁሞናል። ቤቱንም እዚያው ለመሥራት ነው ሐሳባችን። ውሃው የጉድጓድ ነው። አካባቢውንም ሥራውንም የምታውቁ እባካችሁ ንገሩን።

ወሰን
ቀብድ እንዳትከፍሉ! የእርሻ መሬት አይሸጥም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ደላላው የሚያቀርብላችሁ የመንደር ውል ነው የሚሆነው። ሽያጩን በብድር ወይም በስጦታ ስም ይጽፉትና ምስክሮች ይፈርሙበታል። ጠብ ሲነሳ ግን ውሉ ፈራሽ ነው፤ ላዩ ላይ የሠራችሁትም ቤት ፈቃድ ስለሌለው ሊፈርስ ይችላል።

ቤቱንና እርሻውን ለዩ። ቤት ከተማው ውስጥ ተከራዩ፣ ወይም ካርታ ያለው ግዙ። እርሻውን ደግሞ ከገበሬ ተከራዩ። ስትከራዩ የይዞታ ደብተሩን ኮፒ ሳይሆን ዋናውን እዩ። የባልም የሚስትም ስም ካለበት ሁለቱም ይፈርሙ። ብዙ ውል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ባል ብቻውን ይፈርማል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ሚስት ዘግይታ ትሰማና ትከሳለች፣ ፍርዱም ለእሷ ይሆናል። ደብተሩ በሟች ስም ከሆነ ወራሾቹ ስሙን እስኪያዞሩ ጠብቁ። አዋሳኝ ገበሬዎቹን ጠርታችሁ ወሰኑን አብራችሁ በእግር ዙሩ፤ ድንበሩ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው ያን ጊዜ ይናገራል። በመጨረሻ ውሉን ወረዳው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። አንድ ሰው ለስንት ዓመት ማከራየት እንደሚችል ከክልል ክልል ስለሚለያይ እዚያው ጠይቁ፤ ለምትተክሉት ነገር ወሳኝ ነው።

ምንጭ
ስለ ውሃው ልጨምር። ጉድጓዱን በየካቲት እዩት፤ በመስከረምማ የማይሞላ ጉድጓድ የለም። ባልዲውን እስከ ታች አውርዱና የገመዱን የረጠበ ክፍል ለኩ። ከዚያ በተከታታይ 20 ባልዲ ቅዱና ወደነበረበት ለመመለስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ያዙ። እስከ ማግስቱ ጠዋት ካልተመለሰ ለቤትና ለእርሻ አንድ ላይ አይበቃም። ሽንት ቤት ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከሥሩ በቁልቁለቱ በኩልም ይሁን። የጎረቤትም ሽንት ቤት ይቆጠራል፤ ይህን ሰዎች ይረሱታል።

ልጆች ስላሏችሁ ውሃውን ፍሎራይድ ለሚባለው በውሃ ውስጥ ለሚሟሟ ማዕድን ሳታስመረምሩ እንዳትጠጡ። ከቡታጅራ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል፣ ወደ መቂና ዝዋይ በወረዳችሁ ቁጥር ፍሎራይድ የበዛበት ጉድጓድ ያጋጥማል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ በማደግ ላይ ያለ የልጅ ጥርስ ይበልዛል፤ መጠኑ በጣም ከፍ ካለና ለዓመታት ከተጠጣ አጥንትም ይጎዳል። ማፍላት አያወጣውም፤ ውሃው ስለሚተን እንዲያውም ያጠነክረዋል።

መፍትሔው ጣሪያችሁ ላይ ነው። በዓመት 1,000 ሚሊሜትር ዝናብ ባለበት ቦታ 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 40,000 ሊትር ያህል ይሰጣል። ለአራት ሰው ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ በቀን 40 ሊትር ብትይዙ ለአራት ደረቅ ወራት 4,800 ሊትር ነው፤ ስለዚህ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ይበቃል። ሲሞላ 5 ቶን ስለሚመዝን በኮንክሪት ላይ ይቀመጥ፤ በአፈር ላይ የተቀመጠ ሮቶ በአንድ ጎኑ ይሰምጥና መውጫው ላይ ይሰነጠቃል። ከአሸንዳው ወደ ሮቶው በሚወስደው መስመር ላይ 3 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 110 ሚሊሜትር ቧንቧ ወደ ታች አቁሙ፣ ጫፉንም በሚከፈት ክዳን ዝጉ። ጣሪያውን ያጠበው የመጀመሪያው 25 ሊትር ገደማ እዚያ ይቀራል፤ አቧራውና የወፍ ኩሱ ሮቶ አይገባም። ከየዝናቡ በኋላ ክዳኑን ከፍታችሁ አፍስሱት፤ ካልፈሰሰ ቀጣዩን ቆሻሻ የሚይዝበት ቦታ የለውም።

ማረቆ በርበሬ
አቮካዶ ወይስ በርበሬ የሚለውን ኪራዩ ይመልስላችኋል። የተዳቀለ፣ ማለትም በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ የተቀጠለ፣ የአቮካዶ ችግኝ ፍሬ የሚሰጠው ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ነው። የሦስት ዓመት ውል ይዛችሁ ከተከላችሁ ዛፉ የሚያፈራው ለአከራዩ ነው። ረጅም ውል ካገኛችሁ በ6 በ6 ሜትር፣ ሩብ ሄክታር ላይ 69 ችግኝ ይገባል። ጉድጓዱ በሁሉም ጎን 60 ሳንቲሜትር ይሁን፤ የላይኛውን አፈር ለብቻው አውጥታችሁ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅሉና መልሱት። የተዳቀለበት ቁስል ከአፈር በላይ ይቅር። ውሃ የሚቋጥር ዋልካ ላይ ግን አትትከሉ፤ ሥሩ ይበሰብስና ዛፉ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል።

በአጭር ውል በርበሬ ይሻላል፤ አገሩም የበርበሬ አገር ነው። በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ መደብ ላይ ይዘራል፣ ዝናቡ ሲጸና በሰኔ ይዛወራል። በመስመር መካከል 70፣ በችግኝ መካከል 30 ሳንቲሜትር ብትሰጡ ሩብ ሄክታር 12,000 ችግኝ ያህል ይፈልጋል፤ ስለሚሞት 10 በመቶ ጨምራችሁ አፍሉ። ትልቁ ጠላት አጠውላጊ በሽታ ነው። በሐምሌ ውሃ የቆመበት ማሳ ላይ ይጀምርና በአንድ ሳምንት መስመሩን ይጨርሳል። ስለዚህ በቦይ ሳይሆን በጉብታው ላይ ትከሉ። አምና በርበሬ፣ ቲማቲም ወይም ድንች የነበረበትንም መሬት አትከራዩ፤ በቆሎ ወይም ጤፍ የነበረበትን ምረጡ። ቀይ ሆኖ ሲለቀም በሸራ ወይም በቆጥ ላይ ይድረቅ፣ መሬት ላይ የተሰጣ በርበሬ ይሻግታል። ስትነቀንቁት ፍሬው ውስጡ ከተንኳኳ ደርቋል። ገንዘብ እጃችሁ የሚገባው ከኅዳር በኋላ ነው፤ የዓመት ወጪ ሳትይዙ አትግቡ።

አዲስ ጎጆ
እግዚአብሔር ይስጥልን። ቀብዱን አንከፍልም። የባለቤቴ ኢንተርኔትስ? የልጆቹ ትምህርትስ?

ወሰን
የምትከራዩት ቤት ውስጥ፣ በር ዘግታችሁ፣ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ሞክሩት፤ ያን ጊዜ ነው መስመሩ የሚጨናነቀው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሲግናል ስለሚቀንስ መንገድ ላይ የሠራ ቤት ውስጥ ላይሠራ ይችላል። የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ይዛችሁ ሂዱ። መብራት ሲጠፋ 60 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ በ8 ሰዓት 480 ዋት-ሰዓት ይፈልጋል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ካልወረደ 600 ይሰጣል፣ ይበቃል። ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ዕድሜው ያጥራል።

የልጆቹን መልቀቂያ ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ አውጡ። እናንተም ከቀበሌያችሁ መሸኛ ያዙ፤ ያለ እሱ የአዲሱ ቀበሌ መታወቂያ ይጓተታል። እንደገባችሁ ደግሞ የሰፈሩን ዕድር ዳኛ ፈልጋችሁ ተመዝገቡ። ከመዋጮው ይልቅ ቀብር ላይ መገኘታችሁ ይታያል፤ ማሳችሁ ላይ ከብት ሲገባ ሮጦ የሚያስወጣላችሁም የዕድርተኛው ልጅ ነው።