የምኒልክ ብርና የቆዩ ቴምብሮችን በኢንተርኔት ጨረታ ለመሸጥ የትኛው የክፍያ መንገድ ይሻላል? ስንትስ ይቆረጣል?

ጥያቄ፦ የቴምብር ወዳጅ (ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። ለረጅም ዓመታት ካሰባሰብኳቸው የኢትዮጵያ ሳንቲሞችና ቴምብሮች መካከል ከአንድ በላይ ያሉኝን በኢንተርኔት ጨረታ ለመሸጥ አስቤአለሁ። ለሽያጭ ያዘጋጀሁት በ1889 ዓ.ም. የተመታ አንድ የአፄ ምኒልክ ብር፣ ሁለት አላድ (የብር ግማሽ የሆነው ሳንቲም)፣ እንዲሁም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ፓሪስ ውስጥ የታተሙትን የመጀመሪያዎቹን የኢትዮጵያ ቴምብሮች፣ ሰባቱንም ሳይጎድል ነው። የዕቃዎቹን ደረጃና ዋጋ መገመት አያስቸግረኝም፤ ግራ ያጋባኝ የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ኢቤይ ላይ ብሩን ገና ለጨረታ እንዳወጣሁት አንድ ጀርመን አገር የሚኖር ሰው ከጨረታው ውጭ እንድሸጥለትና ገንዘቡንም በፔይፓል «ለወዳጅና ለቤተሰብ» በሚባለው መንገድ እንዲልክልኝ ጠይቆኛል፤ በዚህ መንገድ ሁለታችንም ኮሚሽን አንከፍልም ይላል። ሌላ ቨርጂኒያ ያለ ሰው ደግሞ በዜል (አሜሪካ ውስጥ ከባንክ ሒሳብ ወደ ባንክ ሒሳብ ገንዘብ በሚላክበት መንገድ) እከፍላለሁ ብሎኛል። አዲስ አበባ የሚኖር የአጎቴ ልጅም የራሱን ስብስብ በእኔ በኩል መሸጥ ይፈልጋል። በየመንገዱ የሚቆረጠው ገንዘብ ስንት እንደሆነና የትኛው መንገድ ለሻጭ መተማመኛ እንደሚሰጥ የምታውቁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ጠገራ (ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ለጀርመኑ ሰው መልስ ሳይሰጡ ይቆዩ። ምክንያቱን ከሒሳቡ በኋላ እገልጻለሁ፤ ሒሳቡን ያላወቀ ሰው የሰውዬው ሐሳብ ማራኪ መስሎ ሊታየው ይችላልና።

ኢቤይ ከ2021 ወዲህ የገዢዎችን ክፍያ የሚሰበስበው ራሱ ነው፤ ቀድሞ ፔይፓል ለብቻው ይቆርጠው የነበረው ድርሻም አሁን በአንዱ የሽያጭ ኮሚሽን ውስጥ ተጠቃልሏል። ገዢው በክሬዲት ካርድም ሆነ በፔይፓል ቢከፍል ለሻጩ ልዩነት የለውም፤ ገንዘቡ ኮሚሽኑ ተቀንሶ በቀጥታ ወደ ባንክ ሒሳብዎ ይገባል። በ2024 አሜሪካ ውስጥ ለአብዛኞቹ ዘርፎች የነበረው ኮሚሽን 13.25 በመቶ ሲሆን፣ ከ10 ዶላር በላይ ለሆነ እያንዳንዱ ትዕዛዝ ተጨማሪ 40 ሳንቲም ይቆረጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጠኑ ትንሽ ከፍ ስላለ፣ ዕቃውን ከማውጣትዎ በፊት የሻጮችን የክፍያ ገጽ ተመልክተው በዕለቱ ያለውን ቁጥር ይያዙ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህ መቶኛ የሚሰላው በጨረታው ዋጋ ላይ ብቻ አለመሆኑን ነው። ገዢው በከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ላይ፣ ማለትም የፖስታ ወጪውንና ለክፍለ ግዛቱ የሚሰበሰበውን የሽያጭ ታክስ ጨምሮ ነው የሚሰላው። ብሩ በ200 ዶላር ተሸጠ እንበል። የፖስታው 12 ዶላር፣ ገዢው ሜሪላንድ ከሆነ ደግሞ የ6 በመቶው ታክስ 12 ዶላር ሲታከሉ ድምሩ 224 ዶላር ይሆናል። የዚህ 13.25 በመቶ 29.68 ዶላር ነው፤ 40 ሳንቲሙ ሲጨመር 30.08። ታክሱ በእጅዎ ሳያልፍ ከእሱም ላይ ኮሚሽን ተቆርጦብዎታል ማለት ነው። የፖስታውን 12 ዶላር ከፍለው ሲጨርሱ ከ200 ዶላሩ የሚቀርዎት 169.92 ነው፤ በእውነተኛ ስሌት የተቆረጠው 15 በመቶ ያህል ነው። ዕቃው የሚላከው ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ በጠቅላላው ላይ ሌላ 1.65 በመቶ ይታከላል። የመነሻ ዋጋ ሲያወጡ ይህን አስቀድመው ያስሉት፤ ጨረታው ከተዘጋ በኋላ ለካርድ ክፍያ ብለው ገዢውን ተጨማሪ ገንዘብ መጠየቅ አይፈቀድምና።

አሁን ወደ ጀርመኑ ሰው ልመለስ። በፔይፓል የዕቃና የአገልግሎት ክፍያ አሜሪካ ውስጥ የሚቆረጠው 2.99 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከፋዩ ውጭ አገር ከሆነ 1.5 በመቶ ይጨመርበታል። ለብሩና ለፖስታው በድምሩ ለ212 ዶላር ይህ 9.52 ዶላር ብቻ ስለሆነ ከ30 ዶላሩ ጋር ሲተያይ በእርግጥ ያጓጓል። ነገር ግን ኢቤይ ላይ የተገናኙትን ገዢ ወደ ውጭ አውጥቶ መሸጥ የድርጅቱን ደንብ መጣስ ነው፤ የሻጭነት ሒሳብዎንም ሊያሳግድ ይችላል። ሰውዬው የጠየቀው ደግሞ የዕቃ ክፍያውን እንኳ አይደለም። «ለወዳጅና ለቤተሰብ» በሚለው መንገድ የከፈለ ገዢ ዕቃው ባይደርሰው አቤት የሚልበት ቦታ የለውም። ታዲያ የማያውቅዎት ሰው ይህን መተማመኛ በገዛ ፈቃዱ ለምን ይተዋል? ጥቂት ዶላር ለማትረፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሚከፍልበት ሒሳብ ወይም ካርድ የተሰረቀ ከሆነ፣ እውነተኛው ባለቤት ባመለከተ ጊዜ ገንዘቡ ከእርስዎ ላይ ተመልሶ ይወሰዳል፤ የምኒልክ ብሩ ግን ያኔ ጀርመን ደርሷል። ፔይፓል ለሻጮች የሚሰጠው ጥበቃም ለዚህ ዓይነቱ ክፍያ አያገለግልም።

በጨረታው ውስጥ ሲሸጡም ቢሆን መተማመኛው በራሱ አይመጣም። በሽያጭ ገጹ ላይ ወደተጻፈው አድራሻ ብቻ ይላኩ፤ የመከታተያ ቁጥር ያስገቡ፤ ጠቅላላው 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ተቀባዩ ሳይፈርም እንዳይሰጥ አድርገው ይላኩ። በሳንቲም ሽያጭ ብዙውን ጊዜ ክርክር የሚነሳው «አልደረሰኝም» በሚል ሳይሆን «የላክልኝ አስመስሎ የተሠራ ነው» በሚል ነው። ስለዚህ ብሩን በሚዛን ላይ አስቀምጠው፣ ቁጥሩ በግልጽ እየታየ ፎቶ ያንሡት። ሲመታ የነበረው ክብደት 28.075 ግራም ነው፤ በእጅ ብዛት የተበላው ጥቂት ሊቀንስ ይችላል። የጠርዙንና የአንበሳውን ፎቶ ከቅርብ፣ አስተሻሸጉን ደግሞ ፖስታው እስኪዘጋ ድረስ በቪዲዮ ይያዙ። ክርክር ሲነሳ የሚታየው ይህ ነው።

መልስ 2፦ አላድ ሩብ (ሚኒሶታ)

በጠገራ መልስ እስማማለሁ። ስለ ዜል ብቻ ልጨምር። ዜል ኮሚሽን የለውም፤ ገንዘቡም ወዲያው ስለሚገባ ቀጠሮ ይዘው ባንክ ቤት ውስጥ ወይም ቡና ቤት ፊት ለፊት ተገናኝተው ለሚሸጡት ዕቃ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ የባንክዎን መተግበሪያ ራስዎ ከፍተው ገንዘቡ መግባቱን ሳያዩ ዕቃውን አያስረክቡ፤ «ገንዘቡ ተልኳል፣ ለመቀበል ግን ሒሳብዎን ያሳድጉ» የሚል ኢሜይል ከመጣም ሐሰተኛ ነው። በባንክ የተረጋገጠ ቼክ እልካለሁ የሚል ቢመጣ ይበልጥ ይጠንቀቁ። ባንኩ ገንዘቡን በማግስቱ እንዲያወጡ ሊፈቅድልዎ ይችላል፤ ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቀው ግን ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ዕዳውም የእርስዎ ነው። ከዋጋው በላይ ጽፎ ልኮ «ትርፉን መልስልኝ» የሚል ገዢ ካጋጠመዎት ንግግሩን እዚያው ይቁረጡት።

መልስ 3፦ ሰብሳቢ ከፒያሳ (አዲስ አበባ)

ስለ አጎትዎ ልጅ ጉዳይ ከዚህ ሆኜ የማውቀውን ልንገርዎ። ፔይፓል ከሚሠራባቸው ገንዘቦች መካከል ብር የለም፤ ስለዚህ ከውጭ ገዢ የሚመጣ ክፍያ በአብዛኛው በባንክ ሐዋላ ነው። ባንኮች በሚላላኩበት በስዊፍት መረብ ሲላክ የላኪው ባንክ፣ መሐል ያለው ባንክና የተቀባዩ ባንክ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይቆርጣሉ፤ ላኪው ሁሉንም ወጪ እኔ እችላለሁ ብሎ ካልመረጠ በስተቀር 100 ዶላር የተባለው ሲደርስ ጎድሎ ይገኛል። የሚቆረጠው በአመዛኙ ቋሚ መጠን ስለሆነ ለአንዲት ግርሽ (ትንሿ የብር ሳንቲም) ወይም ለጥቂት ቴምብሮች ሐዋላ አያዋጣም፤ ጠቀም ላለ ሽያጭ ግን ተመራጭ ነው። የምንዛሪው ነገርም አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ ጨረታው በተዘጋበት ዕለትና ገንዘቡ በገባበት ዕለት መካከል ልዩነት ይፈጠራል። በስምምነታችሁ ላይ ዋጋው በዶላር እንደሆነና የየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚያዝ ከወዲሁ በጽሑፍ አስቀምጡ፤ ዘመዳሞች የሚቀያየሙት እንዲህ ባለው ነገር ነውና።

እዚህ አገር ውስጥ እርስ በርሳችን ስንገበያይ የምንጠቀመው ቴሌብርን (በስልክ ገንዘብ መላኪያውን) እና የባንክ መተግበሪያዎችን ነው፤ የሚቆረጠውም ጥቂት ነው። ችግሩ የደረሰኝ ስክሪንሾት ነው። በአንድ የቴሌግራም ጨረታ ላይ ጠገራ ብር ያሸነፈ ሰው የላከልኝ ደረሰኝ ስሙም መጠኑም ትክክል ነበር፤ የግብይት ቁጥሩ ግን እኔ ሒሳብ ላይ ከሚታየው ሁሉ በሁለት ፊደል ይረዝማል። ወደ ሒሳቤ ስገባ የገባ ገንዘብ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የማምነው ወደ ስልኬ የሚመጣውን መልእክት እንኳ ሳይሆን በሒሳቤ ላይ የሚታየውን ቀሪ ገንዘብ ብቻ ነው፤ ሌሎቻችሁም እንዲሁ እንድታደርጉ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ከኢትዮጵያ ቅርስ ያለፈቃድ ማውጣት በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። የብራና መጻሕፍትና የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ለጨረታ ሲቀርቡ ሳይ እጅግ አዝናለሁ። የአጎትዎ ልጅ ያረጁ ሳንቲሞች ካሉት፣ ከመላኩ በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቆ ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዝ።

ጠያቂው፦ የቴምብር ወዳጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለጀርመኑ ሰው በጨረታው ላይ እንዲጫረት ነግሬዋለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጠም። ለአጎቴ ልጅም የአዋጁን ነገር አስረድቼዋለሁ። የቀረኝ ስለ ቴምብሮቹ ነው። ሰባቱን አንድ ላይ ለታወቀ አጫራች ቤት ብሰጥ ኮሚሽኑ ይቀንስልኛል? ግብሩስ እንዴት ነው?

መልስ 4፦ ግርሽ (ለንደን፤ ቀድሞ ዋሽንግተን)

በአጫራች ቤት አሠራር ኮሚሽኑ ከሁለት ወገን ይወሰዳል። ሻጩ የሚከፍለው በድርድር ነው፤ ገዢው ደግሞ መዶሻው በወደቀበት፣ ማለትም ጨረታው በተዘጋበት ዋጋ ላይ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ይጨምራል። በዚህ ሳቢያ ብዙዎች «የገዢው ኮሚሽን ሻጩን አይነካም» ይላሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ልምድ ያለው ተጫራች የሚያሰላው ከኪሱ የሚወጣውን ጠቅላላ ገንዘብ ነው፤ 600 ዶላር ለማውጣት የወሰነ ሰው ኮሚሽኑ 20 በመቶ ከሆነ እጁን የሚያወጣው እስከ 500 ዶላር ድረስ ብቻ ነው። የእርስዎ ሒሳብም የሚጀምረው ከ500 ነው። ስለዚህ ቅነሳ ፈልገው ከሆነ አያገኙትም፤ የሚያገኙት የታወቁ ሰብሳቢዎችን፣ የባለሙያ ምርመራንና ክፍያውን ተከታትሎ የሚሰበስብ አካልን ነው። በእነዚህ ቴምብሮች ላይ በኋላ የተጨመረ ሐሰተኛ ማኅተም ሊኖር ስለሚችል፣ ምርመራው በተለይ ማኅተም ላለባቸው ይጠቅማል። የእርስዎ ማኅተም የሌላቸውና ዋጋቸውም መጠነኛ ከሆነ ኢቤይ ይበቃዎታል። ለአጫራች ቤት ከሰጡ ግን ከመፈረምዎ በፊት ገንዘቡ ጨረታው በተዘጋ በስንት ቀን እንደሚከፈልዎ፣ ዕቃው ሳይሸጥ ቢመለስ፣ እንዲሁም ለፎቶና ለመድን ምን እንደሚቆረጥ ይጠይቁ።

ግብሩን በሚመለከት፣ የክፍያ ድርጅቶች የሻጩን ገቢ ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት የሚያሳውቁበትን 1099-ኬ የተባለውን ቅጽ የሚልኩበት ወሰን በ2021 ወደ 600 ዶላር ዝቅ እንዲል ተወስኖ ነበር፤ በ2025 የወጣው ሕግ ግን ወደ ቀድሞው፣ ማለትም ከ20,000 ዶላርና ከ200 ሽያጭ በላይ ወደሚለው መልሶታል። ቅጹ ባይመጣልዎትም ትርፉን የማሳወቅ ግዴታው አይቀርም። ከአንድ ዓመት በላይ ይዘው የሸጡት የስብስብ ዕቃ ትርፍ እስከ 28 በመቶ በሚደርስ የፌዴራል ግብር ስለሚታይ፣ የገዙበትን ደረሰኝ፣ የተቆረጠብዎትን ኮሚሽንና የፖስታ ወጪውን ለየዕቃው ለይተው ይመዝግቡ። የገዙበት ዋጋና የመሸጫ ወጪዎቹ ከሽያጩ ላይ ይቀነሳሉ፤ ጠገራ ያሰላው 30.08 ዶላርም ከእነዚህ ወጪዎች አንዱ ነው።